የክብር አምፖል

በእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ጡረታ ሲወጣ ቦንብ ይሸለማል። ቦንብ መሆኑን የማያውቁት ሸላሚውና ተሸላሚው ናቸው፤ የሚያውቀውን ደግሞ የጠየቀው የለም። የሚያውቀው የምለው እኔን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወደቡ መብራት ክፍል ማማው ላይ ሦስት ትልልቅ ፓውዛዎች አሉት። ጀልባ መንገድ ሲስት፣ ውሃ ላይ የወደቀ ሰው ሲፈለግ የሚበሩት እነሱ ናቸው። የእያንዳንዱ ፓውዛ ልብ አንድ አምፖል ነው፤ ቤታችሁ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለውን ዓይነት ግን እንዳይመስላችሁ። ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ብረት ናቸው፣ መሃሉ እንደ እንቁላል ያበጠ ወፍራም መስታወት ነው። በዚያ ሆድ ውስጥ ጋዝ ታምቋል። አምፖሉ ሳይበራ፣ ቀዝቅዞ በተቀመጠበት፣ የጋዙ ግፊት የመኪና ጎማን አራት እጥፍ ይሆናል። ሲበራ ያንኑ በሦስት አባዙት። ስለዚህ ይህ አምፖል ከወደቀ፣ ከተጫረ ወይም አንዱ ጫፉ ከተጠመዘዘ አይሰበርም፤ ይፈነዳል። ስንጥሩም ለሰው ፊት የተለየ ፍቅር አለው።

አምፖሉ የተፈቀደለትን ሰዓት ሠርቶ ሲጨርስ ይወርዳል። መመሪያው ያረጀውን በወፍራም ሸራ ጠቅልላችሁ ስበሩት ይላል። የእኛ ሰዎች ግን ጨዋዎች ናቸው፤ ያገለገላቸውን ነገር አይሰብሩም። የእንጨት መቆሚያ ላይ ያቆሙትና፣ ነሐስ ላይ "ለረጅም ዘመን አገልግሎት" ብለው አስቀርጸው፣ ጡረታ ለሚወጣው ያስታቅፉታል። እሱም ቤቱ ወስዶ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያቆመዋል። እስካለፈው ዓመት ድረስ አሥራ አንድ ሰው ታቅፎ ሄዷል።

አሥራ ሁለተኛው አባቴ ነበር።

ስለ መመሪያው ልንገራችሁ፤ "ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?" የሚል መቼም አይጠፋም። ማንም። የተቀጠርኩት ወርክሾፑን እንድጠርግ ነው። ስጠርግ፣ የሥራ ጠረጴዛው እንዳይወላገድ ተብሎ እግሩ ሥር የተሸጎጠ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። አወጣሁትና በምትኩ ጡብ አደረግሁ፤ ጠረጴዛው ቅሬታ አላቀረበም። መጽሐፉ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስጨርሰው፣ በክፍላችን መመሪያውን ያነበቡ ሠራተኞች ቁጥር ከዜሮ ወደ አንድ አደገ። ዛሬ አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ ግን አሁንም ጠራጊ ነኝ።

አባቴ የክፍሉ አለቃ ነው። ሥራ ቦታ "አለቃ" እና "እርስዎ" እለዋለሁ፤ ቤት ስንገባ "አባዬ" እና "አንተ" ይሆናል። እሱ በሁለቱም ቦታ "አንቺ ልጅ" ነው የሚለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አምፖል በባዶ እጁ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ኖሯል። የፊት መከላከያ፣ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ግምጃ ቤት ውስጥ ሞልተዋል። ከመከላከያዎቹ አንዱን የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ሽንኩርት ስትከትፍ ታደርገዋለች። ስለ ደኅንነት ከሁላችን የተሻለ የምትጠነቀቀው እሷ ናት ማለት ነው።

አባቴ የሚጠብቀው አምፖል ደግሞ ተራ አምፖል አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በማዕበል ሞተሩ የጠፋበት የመንገደኞች ጀልባ እስኪጎተት ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርሃኑን ከላዩ ሳያነሳ ያቆየው በዚህ አምፖል ነው። ስልሳ ሰው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አምፖሉ ሰዓቱ ቢያልፍም "ይቆይ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚወጣው" እያለ አቆየው፤ የሆዱ መስታወት እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ቤት ውስጥ ቦታውን ከወር በፊት አሰናድቶለታል፤ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር፣ ዝቅ ያለው መደርደሪያ ላይ። እናቴ ዳንቴል ሠርታለታለች።

ዝቅ ያለው መደርደሪያ ማለት የእህቴ ልጅ ቁመት ማለት ነው። ሁለት ዓመቷ ነው። እህቴ ሥራ ስትሄድ እኛ ቤት ትውላለች፤ ያየችውን ሁሉ ሳትጎትት፣ ሳታንኳኳና ሳትቀምስ ስለማታልፍ "ገምጋሚዋ" እንላታለን። ያ አምፖል እሷ ካለችበት ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነበረብኝ። ሽልማቱ ዓርብ ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና አምፖሉን አውርጄ፣ ወልውዬ፣ መቆሚያ እንዲሠራለት ለአናጢው እንድሰጥ አዘዘኝ።

"አይቻልም" አልኩት።

"ምኑ?"

"መወልወሉ ይቻላል። መስጠቱ ነው የማይቻለው። ውስጡ ጋዝ ታምቋል፣ ይፈነዳል።"

"የተቃጠለ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"እና የሞተ ነገር ምን ያደርጋል?"

"የሞተው መብራቱ ነው። ጋዙ ደህና ነው፣ ሰላምታ ያቀርብልዎታል።"

ገጽ አርባ ሁለትን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሳይነካው አየው።

"ይኼ በእኛ ቋንቋ አይደለም።"

"ተርጉሜዋለሁ። ደብተሬ ይኸው።"

"ማኅተም አለው?"

"የለውም።"

"ማኅተም የሌለው ትርጉም ወሬ ነው፣ እህቴ። አሥራ አንድ ሰው ወስዷል። አንድ የሞተ አለ?"

"ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?"

"የሞተ ሰው ይጠየቃል?" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሰው ብቻውን ሲስቅ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ወጣሁ።

ማክሰኞ አምፖሉን አወረድኩት። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ ቆለፍኩበት፣ ጃኬቱን እስከ አንገቴ ዘጋሁ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለውን መከላከያ ከግምጃ ቤቷ ኃላፊ ተዋስኩ። "እስከ ምሳ መልሺልኝ" ብላኛለች። ብረቱን ብቻ ይዤ ፈታሁት፣ ፕላስቲክ ሽፋኑን አለበስኩት፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ለአናጢው ልኩን በወረቀት ላክሁለት።

አናጢው በወረቀት የሚሠራ ሰው አይደለም። "ሙሽራዋን ሳላያት ቀሚስ ልስፋ?" ብሎ ለአባቴ ስሞታ አቀረበ። አባቴ መጣ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሳ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ አምፖሉን ከሽፋኑ አወጣና እንደ ጋዜጣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ግቢው ወጣ። መከላከያዬን እንዳደረግሁ ተከተልኩት።

ግቢው ውስጥ ገመድ የሚጠቀልሉት ሥራቸውን አቁመው አዩን።

"አለቃ፣ ልጅዎ ማር ልትቆርጥ ነው?" አለ አንዱ።

"ተዋት፣ ንቡ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው" አለ አባቴ።

ሳቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለእኛ ክፍል እንደተተረተ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ አባቴ የአናጢውን በር ሊከፍት ሌላኛውን እጁን ሲዘረጋ ብብቱ ላላ። አምፖሉ ተንሸራተተ፤ በጉልበቱ ደግፎ ያዘው። ለእሱ ምንም አልሆነም። ለእኔ ግን ሦስት ዓመት ከዕድሜዬ ተቀነሰ፤ ሲያጥረኝ እጠይቀዋለሁ።

አናጢው አምፖሉን ተቀበለና ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኳው። "በስሏል" አለ። ቀጥሎ የታችኛውን ብረት ሞርሳው ላይ ሊያጠብቀው አመቻቸ። እጄን በሞርሳው መንጋጋ መካከል አስገባሁ።

"እጅሽን አውጪ" አለኝ።

"አንዱን ጫፍ አጥብቀህ ሌላውን ካዞርክ ጭንቁ መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው። አላወጣም።"

"አለቃ፣ ልጅዎን ያንሱልኝ።"

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ" አለኝ። "አንድ ቀን ነክሶኛል?"

"እርስዎን ስለሚፈራ ይሆናል። የእህቴን ልጅ ግን አያውቃትም።"

"የእህትሽን ልጅ አታንሺ። ለምን ቤቴ እንዳይገባ እንደፈለግሽ አውቃለሁ። እኔ ስወጣ ማማው የእኔ ነው ልትዪ ነው። የእሱ የሚባል ነገር አይቅር ብለሽ ነው።"

  አምፖሉን ከአናጢው እጅ በብረቱ በኩል ተቀበልኩና ሽፋኑን መለስኩለት። አባቴም አልከለከለኝም።

"ዓርብ እጄ ላይ ካላስቀመጥሽው ሌላ አባት ፈልጊ" አለና ሄደ።

የሥራ አስኪያጁ ቀልድ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እውነትም፣ አሥራ አንዱን ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ረቡዕ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ወስጄ ጋሽ ጨረቃ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ጨረቃ ከአባቴ በፊት አለቃ የነበሩ፣ አባቴንም ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው መላጣቸው ነው። ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር አያወልቁም።

የክብር መቆሚያው ሳሎናቸው ውስጥ አለ፤ ነሐሱ ያበራል። አምፖሉ ግን በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል።

"ምነው ሸፈኑት፣ ጋሼ?"

"ብርሃን እንዳይጎዳው ነው።"

የፓውዛ አምፖል ብርሃን ይጎዳዋል ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ልየው?"

"ምን ያደርግልሻል? የእኛውን ዓይነት ነው።"

ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው "አሳያት እንጂ" አሉ። "ስድስት ዓመት አልበቃህም?"

ጋሽ ጨረቃ አልተነሱም። ጨርቁን ራሴ ገለጥኩት። መቆሚያው ላይ አንገቷ ረዘም ያለ ባዶ የወተት ጠርሙስ ተገትራለች።

ታሪኩን የነገሩኝ ሚስታቸው ናቸው፤ ጋሽ ጨረቃ ግድግዳውን ያዩ ነበር። አምፖሉ ቤት በገባ በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ዘመም ብሏል ብለው ብሎኑን በካቻቪቴ ሊያጠብቁ ሲያዞሩ ፈነዳ። የመስኮቱ መስታወት መንገድ ላይ ወደቀ። ጎረቤቱ የጋዝ ሲሊንደር መስሎት በባልዲ ውሃ ይዞ መጣ። ሞራ የሚባለው ነገር ዓይናቸው ላይ የወጣው ከሆስፒታል ሲመለሱ ነው።

"ለምን ለክፍሉ አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? ሠላሳ ዓመት ማማ ላይ አንድ አምፖል ሳልሰብር ኖሬ የክብሬን ሳሎኔ ውስጥ ሰበርኩት ልበል?"

ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው ይባላል፤ አንዴ ሳያይ፣ ሁለተኛ ሲያሳይ። ጋሽ ጨረቃ ብልጥ ናቸው፣ ሁለተኛውን ፈርተው አላሳዩም። እባቡ ግን ሥራ አልፈታም፤ ወደ እኛ ቤት መንገድ ጀምሯል።

"ለአባቴ ይንገሩልኝ። እኔን አይሰማም።"

"አልችልም፣ ልጄ። ብትነግሪውም ዋሽታለች ነው የምለው።"

ይህንንም ያሉኝ በደግነት ነው፤ ሲሸኙኝ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባቴን "ጋሽ ጨረቃ ታመዋል፣ ከመውጣትዎ በፊት ሊያዩዎት ይፈልጋሉ" አልኩት። ውሸት ነው። በዚያ ቤት ግን ውሸት እንግዳ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ አብረን ሄድን፤ እሱ ገባ፣ እኔ መንገድ ላይ ቀረሁ። በመስኮቱ በኩል ይታየኛል። ተቀመጡ፣ ተጨዋወቱ፣ አባቴ እጁን እያወናጨፈ አንድ ነገር አወራ። ከዚያ ተነስቶ ወደ መቆሚያው ሄደ። እንደሚሄድ አውቅ ነበር፤ አምፖል እያየ ሳይነካ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ጋሽ ጨረቃ ብድግ ብለው ክንዱን ያዙት። አባቴ ሳቀና በሌላኛው እጁ ጨርቁን ሳበው።

ጠርሙሷን ለረጅም ጊዜ አያት። ዞሮ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ጋሽ ጨረቃ መነጽራቸውን አወለቁ። ያኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ሲወጣ ጎን ለጎን ሄድን። የማዕዘኑን ሱቅ ስናልፍ ወደ እኔ ዞረ።

"ታውቂ ነበር?"

"ከትናንት ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማኅተም አልነበረኝም።"

ትንሽ ሄደ። "እንዴት ነው የሚሰበረው?" አለ።

ከወርክሾፑ ጀርባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አባቴ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ መከላከያ ፊቱ ላይ አደረገ። "ይሸታል" አለ። "ይለመዳል" አልኩት። ጃኬቱ ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎት ትልቁን ቁጥር አመጣሁለት። አምፖሉን ከነሽፋኑ በሸራ አራት ጊዜ ጠቀለልነው፣ ብረት ሣጥን ውስጥ አስተኛነው፣ መዶሻውን እኔ አነሳሁ።

"ስጪኝ" አለ።

አንድ ጊዜ መታው። ድምፁ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ወፎች ሁሉ ተነሱ፣ የግምጃ ቤቷ ኃላፊም ቢላዋ እንደያዘች ብቅ አለች። አባቴ መዶሻውን እንደጨበጠ ቆሞ "ስልሳ ሰው" አለ፤ ለእኔ አይደለም። ከዚያ ሸራውን ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ ከስባሪው መሃል አውራ ጣት የምታክል ብረት በጓንቱ አንስቶ ኪሱ ከተተ። መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም።

"ነገ ምን ልንል ነው?" ስል ጠየቅሁት።

"ከእጄ ወደቀ እላለሁ።"

"እውነቱን ብንልስ?"

"የጋሼን ነውር አደባባይ ላውጣ?"

"የእሳቸውን ይተዉት። የራስዎን ይናገሩ። አላወቅሁም ነበር፣ አሁን አወቅሁ ማለት ስንት ቃል ነው?"

"አንቺ ልጅ፣ ሰበርኩት አይደል? ይበቃሻል።"

በቃኝ። አምፖሉ ቤታችን አይገባም፣ የፈለግሁት እሱን ነው። ክፍላችን ደግሞ ሁለተኛ ውሸታም አለቃ አገኘ፤ ወግ ነው፣ አይቀርም።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እናቴ ገምጋሚዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጋሽ ጨረቃ ታመዋል ተብሎ አልመጡም፤ አሁን እንኳ እውነት ሳይሆን አይቀርም። አባቴ ተነስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አምፖሉ ትናንት ከእጁ ወድቆ እንደተሰበረ ተናገረ። አዳራሹ አዘነለት። ገመድ ጠቅላዩ ከንፈሩን መጠጠ። ሥራ አስኪያጁ ግን ፈገግ አለ። እንዲህ ሲስቅ መጠርጠር ነበረብኝ።

"አለቃችን ባዶ እጃቸውን አይሄዱም" አለና ለግምጃ ቤቷ ኃላፊ ጠቀሳት።

እሷ ከመጋረጃው ኋላ አንድ አምፖል አምጥታ ሥራ አስኪያጁን አስታቀፈችው። ባለፈው ዓመት ከሁለተኛው ፓውዛ ያወረድኩት፣ ይሰበር ብዬ በጽሑፍ ጠይቄ "ተወግዷል" የተባልኩት አምፖል ነው። ከአባቴ አምፖል ይበልጣል። ሽፋን የለውም። ለካ የተወገደው ለቀጣዩ ተሸላሚ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ እንደ ሕፃን ታቅፎት ከመድረኩ ወረደ። የእናቴን ወንበር ሲጠጋ ገምጋሚዋ የሚያብረቀርቅ ነገር አየችና ከጭኗ ላይ ተንጠራርታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሥራ አስኪያጁ ልጅ ወዳድ ነው፤ እንድትነካው ጎንበስ አለላት።

"ቁም" አለ አባቴ። አልጮኸም። ሰው ግን ሁሉ ዞረ።

"ምን ሆኑ፣ አለቃ?"

"ቀና በል። ቀስ ብለህ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ።" እናቴን ሳያያት "ልጅቷን ይዘሽ ውጪ" አላት። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረ። "ትናንት የሰበርኩት አምፖል አልወደቀብኝም። አውቄ ነው በመዶሻ የሰበርኩት። ውስጡ የታመቀ ጋዝ ነበረው፤ አንተ የያዝከውም አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ይዤዋለሁ፣ ልጄ ነች ያስተማረችኝ። ቤታችሁ የወሰዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ እንዳትነኩት። እሷ መጥታ ታነሳዋለች።"

የመጀመሪያው ወንበር ተገልብጦ ወደቀ። ከዚያ በሩ ጠበበ። ለሽልማቱ ከመጡት ጡረተኞች አንዱ "እኔማ አልጋዬ ራስጌ ነው ያለው" ሲል ሰማሁት። ሥራ አስኪያጁ በባዶው አዳራሽ መሃል አምፖሉን ታቅፎ ቀረ።

"ላስቀምጠው?" አለ። ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

"የት ላይ?" አልኩት። "እንዳሉ ይቁሙ። ዕቃዬን ላምጣ።"

ወርክሾፑ ግቢውን አቋርጦ ነው። አልሮጥኩም፤ በእንዲህ ያለ ሥራ መሮጥ ክልክል ነው። ጃኬቱን፣ ጓንቱን፣ መከላከያውንና አንድ ሽፋን ይዤ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ በላብ ታጥቧል። አባቴ ከእሱ ራቅ ብሎ፣ አንድ ጠረጴዛ አጋድሞ እንደ ጋሻ ይዞ፣ "ብረቱን ብቻ ያዝ፣ ሆዱን ልቀቀው፣ እንደሱ" እያለ ያባብለዋል።

ጃኬቱን ከታችኛው ቁልፍ ጀምሬ መዝጋት ጀመርኩ። ቁልፎቹ ስምንት ናቸው።

"አለቃ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ "እስክትጨርስ እርስዎ ይቀበሉኝ። እርስዎ ለምደውታል።"

አባቴ ሰዓቱን አየ። "እኔ ከአሥር ደቂቃ በፊት ጡረታ ወጥቻለሁ" አለው። "እሷን ጠብቅ።"

አራተኛው ቁልፍ ላይ ነበርኩ።